ከፍታ የሌለበት መንገድ

አልጋ ያለው መኪና አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ አይቻለሁ። አልጋ ብቻ አይደለም፤ ምድጃ አለው፣ የዕቃ መደርደሪያ አለው፣ የእጅ መታጠቢያ አለው፣ ወደ ኋላ ደግሞ ስሙን የማልጠራው ጠባብ ክፍል አለው። በእኔ ከተማ በንፋስ መውጫ ይህን ሁሉ ያሟላ ቤት ያላቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ቤታቸውን ባለበት ትተው ነው ገበያ የሚወጡት። እኔ ግን በስተርጅና ቤት ውስጥ ተቀምጬ አገር ዞርኩ። እንዴት እንደዞርኩ ልንገራችሁ። ብትስቁ አልቀየምም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ነገሩ የመጣው በእህቴ ምክንያት ነው። እትዬ ዓለምነሽ ታላቄ ናት፤ ሰማዳ ውስጥ ከወገዳ ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ትኖራለች። ገብስ አስጥታ፣ ዝናብ መጣ ብላ ልታነሳ ስትሮጥ አዳልጧት ወደቀች። የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ዝናቡም አልመጣ። ወጌሻ አሰረላት፤ ሰነበተ፤ አልጠገነም። መቀመጥ አትችልም፣ መቆም አትችልም፤ የሚቻላት በጀርባዋ መተኛት ብቻ ነው። በዚህ መሃል ደብረ ታቦር የአጥንት ሐኪሞች ከሩቅ መጥተዋል፣ እስከ ቅዳሜ ያክማሉ፣ ከዚያ ወደመጡበት ይመለሳሉ የሚል ወሬ ደረሰን። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ቁርጡን ነገረን፤ በዚህ ሳምንት ከታከመች በምርኩዝ ትሄዳለች፣ ይህ ካለፋት ግን ከአልጋ አትወርድም።

እንግዲህ ሥራው ይኸው ነበር፤ የተኛችን ሴት እንደተኛች ከቅዳሜ በፊት ደብረ ታቦር ማድረስ። ሚኒባስ ላይ ሰው የሚተኛው ሲሞት ነው፤ ያኔም ቦታው ጣሪያው ላይ ነው። አምቡላንስ ቅድሚያ ለወላድ ነው ተባለ፤ እህቴ ደግሞ ከወሊድ ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። የወለደችውም አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱም ሙሉቀን ይባላል፤ ባሕር ዳር በኮምፒውተር ሥራ ይተዳደራል። መላውን ያመጣው እሱ ነው።

«አክስቴ፣ ተገላገልን» አለኝ በስልክ። «ሞተር ሆም ተከራየሁ።»

«ሞተሩ ምን ሆነ?»

«ሆም ነው ያልኩት፣ አክስቴ። ቤት ማለት ነው። መኪና ሆኖ ቤት። አልጋ አለው፤ እናቴ እንደተኛች ትሄዳለች።»

«የቤት መኪና ነዋ።»

«አዎ፣ እንደዚያ ይበሉት።»

እኔም እንደዚያ አልኩት። ለወገዳ ዘመዶች ደውዬ «ሙሉቀን በቤት መኪና ይመጣል፤ ዓርብ ጠዋት እሷን ከአስፋልቱ ዳር አውጥታችሁ ጠብቁት» አልኳቸው። ወገዳ ላይ አስፋልት የለም፤ ግን ዋናውን መንገድ ሁሉ አስፋልት ማለት ለምደናል፤ ሲመጣ እንግዳ እንዳንሆንበት ይሆናል። ደግሞም በአገራችን የቤት መኪና የሚባለው ባለ ገንዘብ ሰው ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ የሚነዳው ትንሹ መኪና መሆኑን ታውቃላችሁ። እኔም አውቃለሁ። አፌ ላይ የመጣው ግን እሱ ነው። ዘመዶቼ ምን እንደተረዱ በቦታው ትሰማላችሁ።

ወደ ወገዳ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ከደብረ ታቦር ተነስቶ በንፋስ መውጫ፣ ማለት በእኔ ደጅ አልፎ፣ በአርብ ገበያ አድርጎ ሰማዳ ይገባል። ሌላው ከደብረ ታቦር በእስቴ በኩል ይሄዳል። ሙሉቀን የትኛው ይሻላል የሚለውን ለማጥናት ከሥራው ፈቃድ ወሰደ። «ሴፍ ሩት መምረጥ አለብን» ይላል በደወለ ቁጥር፤ ደህናውን መንገድ ማለቱ ነው። መኪናው ከፍ ያለ ነው። ቁመቱ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሚሊ ሜትር ነው ተብሎ ከመሪው ፊት ተለጥፎበታል፤ ያከራየውም ሰው ጣሪያውን የነካ ነገር ሁሉ በእሱ ላይ እንደሆነ አስጠንቅቆታል። ስለዚህ ሙሉቀን ሽቦ፣ ቅርንጫፍ፣ በር፣ ድልድይ፣ ከላይ የተዘረጋ ማንኛውም ነገር እንዲነገረው ይፈልጋል።

እኔ በዚህ መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ ስመላለስ ወደ ላይ አይቼ አላውቅም። ሰው ወደ ላይ የሚያየው ዝናብ ሲጠብቅ ነው። ደግሞ በዚህ ዘመን «መንገዱ እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የእኛ ሰው ስለ ሽቦ የተጠየቀ አይመስለውም። ጥያቄው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ መልሱም «ሰላም ነው» ነው፤ ካልሆነም ዝምታ ነው። ለሙሉቀን ሴፍ ማለት ከላይ ምንም ያልተንጠለጠለበት መንገድ ነው። እኛ ስለምንፈራው ሌላ ነገር እዚህ አልጽፍም።

በዚህ ላይ እያለን ጎረቤቴ አቶ በላይነህ ብቅ አሉ። አቶ በላይነህ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በግብርና ሠርተዋል። ጋይንትን፣ ሰማዳንና እስቴን እንደ እርሻቸው ያውቁታል። አንድ ልማድ አላቸው፤ ሰው ሲተዋወቁ የት አገር ነህ ብለው አያበቁም፤ አገሩ ደጋ ነው ወይስ ቆላ፣ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ ካልጨመሩ ያወቁት አይመስላቸውም። ልቅሶ ቤት ሳይቀር ይናገሩታል። እኔ ስልኩን ሰጠኋቸው። የእሳቸውን ድርሻ በጆሮዬ ሰማሁ፤ የሙሉቀንን ድርሻ በኋላ ራሱ ነገረኝ። ሁለቱን ስገጥማቸው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ በእናንተ በኩል ያለው ከፍታ ስንት ነው?»

«ሦስት ሺህ አንድ መቶ ይሆናል።»

«ሦስት ሺህ አንድ መቶ ብቻ?»

አቶ በላይነህ ቅር አላቸው። «ብቻ ትላለህ እንዴ ልጄ? ከዚህ በላይ የት ልትደርስ ኖሯል?»

«ያስቸግራል ማለት ነው?»

«ለለመደ አያስቸግርም። ከታች ለሚመጣ ግን መጀመሪያ ራሱን ነው የሚይዘው።»

«እኔም የፈራሁት ራሱን ነው።»

«ቀስ ብለህ ከገባህ ምንም አትል። በፍጥነት ከመጣህ ግን ራስህን ይዞ ያንገላታሃል።»

«በእስቴ በኩል ብሄድስ?»

«በእስቴ በኩል ምን ከፍታ አለና? ወይና ደጋ እኮ ነው። ከደብረ ታቦር ቁልቁል ነው የምትሄደው። እስቴ ከፍታ የሚባል ነገር አያገኝህም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«የሠራሁበት አገር ነው።»

ስልኩን መለሱልኝና «ጨዋ ልጅ ነው» አሉ። «የዛሬ ልጅ ስለ አየር ጠባይ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።»

ሙሉቀን ማታውኑ ውሳኔውን አሳወቀኝ። በንፋስ መውጫ በኩል የሚያሳልፈው ከመኪናው ቁመት በአንድ መዳፍ ያንሳል፤ በእስቴ በኩል ግን ከላይ ምንም የለም፤ ስለዚህ እኔ በሚኒባስ ደብረ ታቦር ሄጄ እዚያ እንድጠብቀው። ለምን እንደዚያ እንዳለ አልገባኝም፤ ቢሆንም ያየሁትን ነገርኩት።

«አውቶቡስ በየቀኑ በደጄ ያልፋል እኮ። እህል የጫነ አይሱዙም ያልፋል።»

«አክስቴ፣ እኔ ቁጥር ይዤ ነው የማወራው።»

እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ። ከቁጥር ጋር መከራከር እንደማይቻል ያን ጊዜ ነው ያስተማሩን። ሐሙስ ማለዳ ቤቴን ቆልፌ፣ ጀርባዬን ለእህቴ ሰጥቼ፣ ወደ እህቴ ለመሄድ ደብረ ታቦር ወረድኩ።

መኪናው ነጭ ነው። ቁመቱ ደጀ ሰላም ያክላል። ሙሉቀን በሩን ከፍቶ እጄን ይዞ አስገባኝ፤ አልጋውን አሳየኝ። አዲስ አንሶላ አንጥፎበታል፣ ሁለት ትራስ ደርድሯል፣ ግድግዳው ላይ የእናቱን ፎቶግራፍ ለጥፏል። ባለቤትየው ደግሞ ከመስኮቱ ሥር የፕላስቲክ አበባ አስቀምጦበታል። «እዚህ ነው የምትተኛው» አለኝ። እኔ አንሶላውን ዳሰስኩና «ጥሩ ነው» አልኩት። እሱ ከዚህ የበለጠ ጠብቆ ነበር፤ እኔ ግን ከዚህ የበለጠ አልናገርም።

ከደብረ ታቦር እንደወጣን መደርደሪያው ተከፈተ። ሳህን ወረደ። ዘጋሁት። ጥቂት ሄደን ደግሞ ኩባያ ወረደ። ከዚያ በኋላ እስቴ ድረስ አንድ እጄ መደርደሪያው ላይ፣ አንድ እጄ መሳቢያው ላይ፣ አንድ እግሬ የማቀዝቀዣው በር ላይ ሆኖ ተጓዝኩ። ቤት ጠባቂ መሆን የለመድኩት ነው፤ ቤቱ ሲሮጥ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

እስቴ ከፍታ የለም የተባለው እውነት አልነበረም። የመጀመሪያው ሽቦ የገጠመን ገና ከተማው ሳንደርስ ነው። አንዱ ከዋናው ምሰሶ ለወንድሙ ቤት መብራት ሲያሻግር መንገዱን አቋርጦ ዘርግቶታል፤ ክረምቱ ደግሞ አርግቦታል። ሙሉቀን ወርዶ ተመለከተ። ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። የእኛ ሰው ለመርዳት ሲነሳ ምን እንደሚረዳ ጠይቆ አይደለም። አንዱ የደረቀ ባላ አምጥቶ ሽቦውን ወደ ላይ አነሳ፤ ሌላው «ቀስ፣ ቀስ፣ ና፣ ና» ይላል፤ ሦስተኛው «ኮረንቲ የለበትም፣ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል» ይላል። ዐይኔን ጨፍኜ ሰላም ለኪ ደገምኩ። አለፍን። ባለ ባላው ሰውዬ ባላውን በመስኮት አቀበለኝና «ይያዙት እማማ፣ ከፊት አያጡትም» አለኝ። በዚያ መንገድ እውነት የነገረን ሰው እሱ ብቻ ነው።

ሌሎቹ የነገሩንን ልንገራችሁ። በአገራችን መንገደኛን ማስፈራራት ነውር ነው። ከፊቱ ያለውን ክፉ ነገር ቀድሞ መንገር ደግሞ ሟርት ነው፤ ከነገርከው በኋላ አንድ ነገር ቢደርስበት ያደረስከው አንተ ነህ። ሙሉቀን ግን ባገኘው ሰው አጠገብ ሁሉ ቆሞ «ከፊታችን ምን ችግር አለ?» ይላል። ሰው ይሸሸዋል። አንድ በሬ የሚነዳ ሽማግሌ ቆመው ገሠጹት።

«ምን ችግር አለ አይባልም፣ ልጄ። በሰላም ያግባን በል።»

«በሰላም ያግባን። ግን ዝቅ ያለ ነገር አለ ወይ?»

«ዝቅ ያለማ ሁሉም ዝቅ ያለ ነው። ቁልቁለት እኮ ነው።»

«ከላይ ማለቴ ነው።»

«ከላይማ እግዚአብሔር አለ» አሉና በሬያቸውን ነዱ።

ከእስቴ ከተማ አልፈን አንዲት መንደር ስንደርስ ሙሉቀን ካርታውን ሊያይ ቆመ። ሙቀት ስለነበር የጎኑን በር ከፈትኩት። ጥቂት ቆይቼ ቀና ስል ሰባት ስምንት ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ነጭ መኪና፣ ከውስጥ አልጋ፣ አልጋው አጠገብ ነጭ ነጠላ የለበሰች ዝም ያለች ሴት። እኔም ከውጭ ሆኜ ባየው እሰለፍ ነበር።

«ክትባቱ ስንተኛው ነው፣ ሲስተር?» አለች ፊተኛዋ።

«ሲስተር አይደለሁም፣ እህቴ። መንገደኛ ነኝ።»

«እሺ፣ ሲስተር» አለችና ልጇን ወደፊት ገፋችው።

አላመኑኝም። ሐኪም አይደለሁም የሚል ሐኪም ዕረፍት የፈለገ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል። አንድ አዛውንት ሰልፉን ጥሰው መጥተው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ።

«መድኃኒት አልልም። ይዩልኝ ብቻ።»

አየሁት።

«ምን ሆኗል ይላሉ?»

«እንደኔው ነው» አልኳቸው።

ደስ ብሏቸው ሄዱ። ከዚያ ቀን ሥራ የተሳካልኝ እሱ ብቻ ነው። ስንነሳ አንድ ቄስ መኪናውን ዙሪያውን አይተው «ቤቱን ተሸክሞ ይሄዳል በሉኛ» አሉ። «ቀንድ አውጣ ነዋ። እሱም አይቸኩልም።» ሙሉቀን አልሳቀም። ፀሐይዋን እያየ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ወገዳ ቀርቧል ስንባል፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ፊት ለፊታችን ብቅ አለች። መግቢያዋ ላይ የብረት ቅስት ቆሟል፤ ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ ተዘርግቶ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ተቀብቶ፣ በትልልቅ ፊደል «እንኳን ደህና መጡ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሙሉቀን ፍሬን ያዘ። ወርዶ በሜትር ለካው። መጥቶ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

«ያንሳል» አለ። «እስቴ ከፍታ የለም ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ማነው ያለህ?»

«አቶ በላይነህ። በእናንተ በኩል ሦስት ሺህ አንድ መቶ ነው፣ በእስቴ በኩል ግን ከፍታ የለም አሉ። እርስዎም አጠገባቸው ነበሩ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቶሎ መናገር አልፈለግሁም፤ ለአንድ ልጅ ይህን መንገር ከባድ ነው።

«ሙሉቀን» አልኩት፣ «ሦስት ሺህ አንድ መቶ ያሉህ ሜትር ነው።»

«ምኑ?»

«አገሩ። ንፋስ መውጫ። ከባሕር ወለል በላይ።»

ሜትሩን አጣጠፈ። «ራሱን ይይዘዋል ያሉትስ?»

«ደጋ ያልለመደ ሰው ራሱን ያመዋል። እሱን ነው።»

ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ የለም። ወገዳ ያሉትን ማግኘት አልተቻለም። ተመልሰን በንፋስ መውጫ እንዙር ብንል ቀን አይበቃንም፤ እህቴ ደግሞ ዓርብ ጠዋት መንገድ ዳር ትወጣለች። መላው እዚያው ማለፍ ነው።

የቅስቱን ነገር የሚያስተዳድር ኮሚቴ አለ አሉን። ሰብሳቢውን ካሉበት ጠርተው አመጡልን፤ ኮት የደረቡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሙሉቀን ብሎኑ ይፈታልን፣ ካለፍን በኋላ እንመልሰዋለን ብሎ ለመናቸው።

«ይህን ያቆምነው በመዋጮ ነው» አሉ። «ለእንግዳ ክብር ብለን።»

«እንግዶቹ እኛ ነን» አልኳቸው።

«ለሚገባ እንግዳ ነው፣ እናቴ።»

ክፉ ሰው አይደሉም። የታመመች እህት አለችኝ ስላቸው አንዱን አባል ከማሳ፣ አንዱን ከለቅሶ፣ አንዱን ከሚስቱ ዘመዶች ቤት አስጠሩ፤ አምስተኛው ግን ደብረ ታቦር ነው። ያለ አምስተኛው ቃለ ጉባኤ አይያዝም። በመንደሩ የነበረ ሁሉ ሐሳብ አዋጣ። መኪናውን ግራ ወደ ቀኝ አጋድሉት ያለ ነበር። ጭነት ጨምሩበትና ዝቅ ይበል ያለ ነበር፤ ሰዎች ገብተው ተሞክሯል፤ አሥራ ምናምን ሰው በእህቴ አልጋ ላይ ተቀምጦ በመስኮት ዘመድ ሰላም አለ። በመጨረሻ ጎማው ይተንፍስ ተባለ። ጎማውን አስተነፈሱት። መኪናው እንደ ደከመው በግ ዝቅ አለ። ሙሉቀን በቀስታ ነዳው። ፊቱ አለፈ። ወገቡ አለፈ። ከዚያ ጣሪያው ላይ ያለች የአየር ማቀዝቀዣ ሣጥን፣ ማንም ያልለካት፣ «ደህና» ከሚለው ቃል ሥር ገብታ ተነከሰች።

ወደፊት አይሄድም። ወደኋላ አይሄድም። ጎማውን መልሰን እንንፋ ብንል ከፍ ሲል ይበልጥ ይነከሳል።

እዚያው አደርን።

ዓርብ ጠዋት ከወዲህም ከወዲያም የመጣ መኪና ተሰልፎ ጡሩምባውን ያሰማል። ብረት በያጅ አለ፤ መብራት ግን የለም። ጄነሬተር ከሌላ ቀበሌ ይምጣ ተባለ። ሙሉቀን በቅስቱ ሥር ወዲያ ወዲህ ይላል፤ በየጊዜው «አሁን አውጥተዋታል» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ «አሁን ፀሐይ አግኝቷታል» ይላል። እኔም የማስበው ያንኑ ነበር፤ ሁለታችንም ብንናገረው ምን ይጠቅማል።

ቀትር አልፎ በሞተር ሳይክል የሚመጣ ሰው ከወገዳ በኩል ደረሰ። ለእሱ ቅስቱ ምንም አላደረገውም። ሙሉቀን አስቆመው።

«ከወገዳ ነህ?»

«አዎ።»

«መንገድ ዳር በቃሬዛ የተኛች ሴት አላየህም?»

«እማማ ዓለምነሽን ነው? ሄደዋል እኮ። ልጇ በቤት መኪና ይመጣል ተብሎ ነበር። ጎረቤቶቿ የተኛ ሰው በቤት መኪና እንዴት ሊሄድ ነው፣ ልጁ ከተማ ሆኖ ረሳው እንጂ ብለው ቀድመው ከአንድ እህል ጫኝ አይሱዙ ጋር ተነጋግረው ኖሯል። ትንሽ ጠበቁ፤ ልጁ አልመጣም። ጭድ ጎዝጉዘው አስተኝተዋት በአርብ ገበያ በኩል ወጡ። አሁን ገበያተኛውን አልፈው ጋይንት እየደረሱ ይሆናል።»

ሙሉቀን «ደህና ናት?» አለ።

«እህሉ ላይ ከፍ ብላ ተኝታ ለሰው ሁሉ ሰላም እያለች ነው የሄደችው።»

ከፍ ብላ። ጭነት የያዘ አይሱዙ ከእኛ ቤት ይረዝማል። ሙሉቀን ይህን ማሰቡን ከፊቱ አየሁ፤ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ጄነሬተሩ የደረሰው ሊመሽ ሲል ነው። በያጁ ሰብሳቢው ባሉበት የቅስቱን መሃል ቆረጠው። «ደህና» የሚለው ቃል ከነብረቱ ወርዶ መንገድ ዳር ተጋደመ፤ ግራና ቀኝ ላይ «እንኳን» እና «መጡ» ቀሩ። ሰብሳቢው ቀና ብለው አንብበው ሳል አሉ። ሙሉቀን እናስጠግናለን ብሎ ቃል ገባላቸው። ጎማው ተነፋ። መንገዱ ወለል ብሎ ተከፈተልን፤ ወገዳም እዚያው ፊት ለፊት ናት፤ እኛ ግን ከዚህ ወዲያ ወገዳ ማንም የለንም። ዞረን በመጣንበት ተመለስን። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እንደገና በባላ አነሳኋቸው።

ደብረ ታቦር የደረስነው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እህቴ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ወጥታለች። ሐኪሙ ሙሉቀንን ትከሻውን መታ አድርጎ «በጊዜ ነው ያደረሳችኋት፤ ነገ ብትመጣ አታገኘንም ነበር» አለው። ሙሉቀን መሬት መሬቱን አየ።

ክፍሉ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሦስት ሕሙማን ተኝተዋል። ጎረቤቷ አያ ሞላ፣ አይሱዙውን የለመኑት፣ ጭዱን የጎዘጎዙት፣ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ የቆሙት፣ ጭድ ልብሳቸው ላይ እንደተጣበቀ ግድግዳውን ተደግፈው ዳቦ ይበላሉ። እህቴ ልጇን ስታይ ክንዷን ዘረጋች። ፊቷ ገርጥቷል፣ ድምጿ ግን ያው ነው።

«መጣህልኝ?»

«እናቴ፣ አልደረስኩልሽም። መንገዱ...»

«ዝም በል» አለችው። ከዚያ ወደ ጎን አልጋዋ ዞራ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ይኸው ልጄ፣ ያልኳችሁ። ቤት የሚያክል መኪና፣ አልጋ ያለው፣ ለኔ ብሎ ተከራይቶ የመጣ። እሱ ነው ያሳከመኝ።»

«እሰይ፣ የተባረከ ነው» አሉ ሕሙማኑ። «እንዲህ ያለ ልጅ ለሁሉም አይሰጥም።»

አያ ሞላ ዳቧቸውን እያላመጡ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እናት በልጇ ስትኮራ እንደማትታረም እሳቸውም ያውቃሉ። ሙሉቀን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እናቱ እጁን ጨብጣ አላስለቅቅ አለች። ውጭ የቆመውን ነጭ መኪና መነሳት የቻለ ሁሉ ወደ መስኮቱ እየሄደ አየው። ላልቻሉትም ተነገራቸው።

ሕሙማኑ ዝም ሲሉ፣ ሙሉቀንም ከአያ ሞላ ጋር ሲወጣ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ነጠላዋን አስተካከልኩላት።

«ትናንት ማታ ንፋስ መውጫ አስቆምኳቸው» አለች፣ ጣሪያውን እያየች። «ብርድ ይዞኝ ነበር። እህቴ እዚህ ናት፣ አንድ ጋቢ ትሰጠኛለች፣ ትኩስ ነገር ታቀምሰኛለች፣ ከኔም ጋር ትመጣለች አልኩ። ሞላ ወርዶ በርሽን መታ። ደጋግሞ መታ። ቤትሽ ተዘግቶ ነበር።»

«ተዘግቶ ነበር» አልኳት።

«እንዲህ ባለ ቀን ቤት ተዘግቶ ይኬዳል?»

ልጇ በሩ ላይ ብቅ ብሎ ነበር፤ ሰምቶ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ትራሷን አቃናሁላት። የምመልሰው ቃል ሁሉ የእሱን ስም ይነካ ነበር፤ እሷ ደግሞ ስሙን ክፍል ሙሉ ሰው ፊት ከፍ አድርጋ አስቀምጣዋለች።

እህቴ አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። ዘመድ ሊጠይቃት ሲመጣ ልጄ ቤት የሚያክል መኪና ይዞ መጥቶ አሳከመኝ ትላለች፤ የሰማ ሁሉ ሙሉቀንን ይመርቃል። ስለ እኔ ሲነሳ ደግሞ «እሷማ ያን ቀን ቤቷን ዘግታ ሄዳ ነበር» ትላለች። ወዴት ሄዳ ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።